አንድ ድምፅ ለሁለት ሰዓት

ለሙዚቃ ባለሙያዎች ማኅበር የይግባኝ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 6

ጉዳዩ፦ ፒያኖ ስቃኝ «ኮንሰርት አቅርባለች» ተብዬ ለአንድ ዓመት መታገዴን ስለመቃወም

አባሪ፦ በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት እንጨቶች (ምንነታቸው በተራ ቁጥር 9 ተገልጿል፤ እባክዎ ከዚያ በፊት አይፍቱት)

ክቡር ሰብሳቢ፣

እኔ የማኅበሩ አባል ቁጥር 61 ስሆን ሥራዬ ፒያኖ መቃኘት ነው። ማኅበሩ ባለፈው ወር አግዶኝ መታወቂያዬን ስለወሰደ፣ ፒያኖዎቹን የምቃኝለት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጥበቃ በር ላይ ያስቆመኛል። ትምህርት ቤቱ ስምንት ፒያኖዎች አሉት። የተማሪዎቹ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከስምንቱ አምስቱ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚዘፍኑት። እኔም ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። መታወቂያዬ እንዲመለስልኝ ይህን አቤቱታ የማቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

1. አስቀድሜ ስለ አጻጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፒያኖ መቃኘት የተማርኩት የሰፈራችን ባለሱቅ ሳሙና ይጠቀልልበት ከነበረ መጽሐፍ ነው። ከገጽ 11 እስከ 30፣ ከዚያ ደግሞ ገጽ 52 ደርሰውኛል፤ መሃሉን በጆሮዬ ሞላሁት። አቤቱታ መጻፍም ያወቅኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። በእጄ ያለው አቤቱታ «በታላቅ ትሕትና» የሚለው ላይ ተቀዷል። ከትሕትናው በኋላ ምን እንደሚመጣ ስለማላውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

2. ማኅበሩ አባላት እንዳይጫወቱበት የከለከለው አዳራሽ ከዓመት በፊት አዳራሽ አልነበረም። የሃያ ሦስት ቤተሰብ መኖሪያ ነበር፤ እኔም ክፍል ቁጥር 7 ውስጥ እኖር ነበር። ሕንፃውን የገዛው ሰውዬ ምትክ ቤት እንደሚሰጠን ቃል ገባ። መቼ ስንለው «ነገ» ይለናል። ነገ ስንሄድ ደግሞ «ነገ»። አንድ ጠዋት ስንነሳ ቁልፍ ሊቀይሩ የመጡ ሰዎች ዕቃችንን ደጅ ያወጡ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ስሙ አቶ ነገ ነው። ክፍል ቁጥር 7 አሁን የለም። ወለሉ ፈርሶ የአዳራሹ ጣሪያ ከፍ እንዲል ተደርጓል። የእናቴ አልጋ በነበረበት አየር ላይ የመድረክ መብራት ተንጠልጥሏል። እናቴ ይህን ሳታይ ከሁለት ዓመት በፊት አርፋለች።

3. ከክፍላችን በታች የነዋሪዎች የጋራ ክፍል ነበር። ፒያኖው የቆመው እዚያ ነው። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ወደ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ «የሁላችሁም ነው፤ ብቻ በእርጥብ እጅ እንዳትነኩት» ብለው ትተውልን ሄዱ። የሕንፃው የሽያጭ ወረቀት ግድግዳ፣ በር፣ ጣሪያና የውሃ ታንከር ይዘረዝራል። ፒያኖ የሚል ቃል የለበትም። ፒያኖው በበር አልወጣ ስላለን እዚያው ቀረ እንጂ አልተሸጠም።

4. ማኅበሩ በእኛ መፈናቀል ምክንያት ክልከላውን ያሳለፈው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። እኔም ከኋላ ረድፍ ተቀምጬ እጄን አንስቻለሁ፤ አሁንም አልጸጸትም። ሆኖም ሁለት ነገሮች በቃለ ጉባኤው ውስጥ ስላልገቡ ላስታውስ። አንደኛ፣ እጃቸውን ካነሱት ከመቶ በላይ ሰዎች መካከል እስከዚያ ቀን ድረስ አቶ ነገ እንድትዘፍንለት የጠራት አንዲት ዘፋኝ ብቻ ነበረች። ያልተጠራ ሰው «አልሄድም» ሲል እጁ በጣም ቀላል ነው፤ የእሷን እጅ ግን አጠገቧ የተቀመጠው ጊታሪስት በክርኑ ጎስሞ ነው ያስነሳው። ሁለተኛ፣ ስለ ተፈናቃዮች ግጥም ተነቧል። በግጥሙ ውስጥ ከዋክብትን ለብሰን እንደምናድር ተገልጿል። እኔ የማድረው እህቴ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ጣሪያ አለው። ገጣሚው ሊጠይቀኝ ቢፈልግ ኖሮ ከእሱ አራት ወንበር ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነበር።

5. ማንም ስላልጠየቀ እኔ ዞሬ የቀድሞ ጎረቤቶቼን ጠየቅኩ። «ሙዚቀኞች እዚያ ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ?» አልኳቸው። ልብስ ሰፊው «ይጫወቱ እንጂ! እኔንም ያስገቡኝ፤ ሰውዬው መኝታ ቤቴን ምን እንዳደረገው ልይ» አለ። ጡረተኛዋ አዋላጅ «እዚያ የሚዘፍን ሁሉ ጉሮሮው ይዘጋ!» ብለው ጀመሩና ትንሽ አሰብ አድርገው «አይ፣ ይቅር፣ እነሱም ልጆች አሏቸው፤ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይዘጋ» ብለው አሻሻሉት። ከእኛ በላይ ይኖር የነበረው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ከመሰላሉ ላይ ሳይወርድ «ስሚኝ እህቴ፣ ቢዘፍኑም ለኔ አይደለም፣ ቢተዉም ለኔ አይደለም። ‹ምትክ ቤቱስ የታለ?› ብሎ ሰውዬውን የጠየቀ ሙዚቀኛ አለ? እሱን ንገሪኝ» አለኝ። መሰላሉን ይዤለት ቆየሁ።

6. ከጉባኤው በኋላ አቶ ነገ እኔንም ጠርቶኛል። አዳራሹ በያዝነው ወር መጨረሻ ሲመረቅ ፒያኖውን እንድጫወት ፈልጎ እህቴ ቤት ድረስ መጣ። «እታለም፣ ያለፈው አልፏል። አንቺ ከተጫወትሽ ሰው ሁሉ ይረሳዋል» አለኝ። እኔም «ነገ እነግርዎታለሁ» አልኩት። ይህ ከሆነ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። እስካሁን አልነገርኩትም። እህቴ ምስክር ናት፤ በር እስክትዘጋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። እንግዲህ ማኅበሩ እንዳይጫወቱ ከከለከላቸው ሰዎች ሁሉ በእርግጥ ተጠርታ፣ በእርግጥ እሺ ያላለች እኔ መሆኔን ክቡርነትዎ ይመዝግቡልኝ። ለአቶ ነገ ግን አልጨነቅም፤ ከሌላ ከተማ የኛ አባል ያልሆነ ፒያኖ ተጫዋች አግኝቷል።

7. አሁን ወደ ተከሰስኩበት ቀን እመጣለሁ። ሚያዝያ 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ ገብቻለሁ። የተጣላሁት ከሰውየው ጋር እንጂ ከፒያኖው ጋር አይደለም። አዲስ ሲሚንቶ እርጥበት ያመጣል፤ እርጥበት ደግሞ ፒያኖን ያበላሻል። በር የከፈተልኝ ጥበቃው የቀድሞ ጎረቤታችን ነው፤ አቶ ነገ እሱን ያላባረረው ውሻው ከእሱ በቀር ማንንም ስለማይታዘዝ ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሥራዬን ሠራሁ። ፒያኖ ሲቃኝ አንዱ ድምፅ ደጋግሞ ይመታል፣ ሽቦው በመፍቻ ይጠብቃል ወይም ይላላል፣ እንደገና ይመታል። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት የነበረው ትራምፔት ተጫዋች ግን «አንድ ድምፅ ለሁለት ሰዓት ስትጫወት ሰምቻለሁ፤ ዘመናዊ ስልት መስሎኝ ነበር፤ ብዙም አልወደድኩትም» ሲል ለማኅበሩ መስክሯል። በምስክሩ ላይ ክፉ ቃል መናገር አልፈልግም። ሆኖም ሁለት ሰዓት ሙሉ ጢሜን ስላጭ ነበር ብሏል፤ ጢሙን አውቀዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ አያስቆይም። የቀረውን ጊዜ ቁጭ ብሎ አዳምጦኛል ማለት ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ የታገሠኝ አድማጭ እሱ የመጀመሪያው ነው።

8. እውነቱን ለመናገር ግን አራት ደቂቃ ተጫውቻለሁ። የተቃኘ ፒያኖ መፈተን አለበት፤ ለመፈተን ግን ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ከላይ ሆና በዱላዋ ወለሉን እያንኳኳች ታዘኝ ነበር። ሁለቴ ካንኳኳች «ድገሚው»፣ አንዴ ከሆነ «በቃሽ፣ ራቱ ሊያርር ነው» ማለት ነው። እሷ ትወደው የነበረውን ተጫወትኩና ከልማድ ቀና አልኩ። ላይ የነበረው መብራት ብቻ ነው። የሚያንኳኳ ስላልነበረ መድገምም ማቆምም አላወቅኩም፤ መፍቻዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ማኅበሩ ሊቀጣኝ የሚገባው ለዚህ አራት ደቂቃ ከሆነ ቅጣቱን እቀበላለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅበትም። ሁለቱ ሰዓት ሥራ ነበር።

9. ስለ ማስረጃ። ከሳሙናው መጽሐፍ ገጽ 52 ላይ አንድ የቃኚዎች ልማድ ተጽፏል። ሥራው ሲያልቅ ቀኑን በግራ በኩል ባለው የመጀመሪያ ቁልፍ ጎን፣ ማንም በማያየው በኩል፣ በእርሳስ ትጽፋለህ። ቁልፍ የምለው ጣት የሚያርፍበትን ረጅም እንጨት ነው። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጽፌአለሁ። ሚያዝያ 3 ቀንም «ተቃኘ» ብዬ ጽፌአለሁ። ይህን ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ሳስረዳ «ማስረጃውን መጥተን እንዳናይ፣ ክልከላውን ያወጣን ሰዎች አዳራሹ ውስጥ መታየት የለብንም» አሉኝ። ይህ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ደንብ ደንብ ነው። ስለዚህ ማስረጃው ራሱ ወደ እናንተ እንዲመጣ አድርጌአለሁ። ትናንት ጥበቃው በሩን ከፈተልኝ፤ ያለ አንዳች ድምፅ ነቅዬ ያወጣኋቸው ሁለት ቁልፎች በፎጣው ውስጥ አሉ። አሁን መፍታት ይችላሉ።

10. እንጨቶቹ ሁለት የሆኑት የመጀመሪያው ቁልፍ በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ስለሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የጻፍኩት ከመሃል ባለው ቁልፍ ላይ ነው። በዚሁ በመሃለኛው ላይ ከታች አራተኛው መስመር ከሥራ ጋር የማይገናኝ የግል ነገር ስለሆነ እባክዎ ይዝለሉት። በግራ ዳር ያለችዋ ድምፅ ለብዙ ሙዚቃ አታስፈልግም። የመሃሏ ግን ለሁሉም ታስፈልጋለች፤ ያለ እሷ የሚጫወት ሰው የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ነው። በምረቃው የሚጫወተው ሰው ጣቱ እዚያ ሲደርስ «ይህስ የት ሄደ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥበቃው ታሪኩን ከክፍል ቁጥር 1 ጀምሮ እንዲነግረው ተስማምተናል።

11. ስለዚህ የምጠይቀው፣ እገዳው እንዲነሳልኝና ማኅበሩ ክልከላውን ሲያስፈጽም «ምትክ ቤቱስ?» የሚለውን ጥያቄ ለአቶ ነገ በማኅተም እንዲጽፍለት ነው። እሱ ለሃያ ሦስቱ ቤተሰብ መልስ የሰጠ ዕለት ቁልፎቹን በገዛ እጄ እመልሳለሁ፣ ለምረቃውም እቃኝለታለሁ።

12. በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «አስቸኳይ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ነገር ከመምህራቸው ጋር ተስማምተናል። መፍቻዬን አውሼው እሱ ከውስጥ ሽቦውን ይይዛል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ «ጠበቅ! ላላ! በቃ!» እላለሁ። ትናንት አንዱን ጨርሰናል። ደንቡ ከአጥር ውጭ ቆሞ መጮህን እንደማይከለክል አንብቤ አረጋግጫለሁ።

ኮሚቴው አንድ ማስረጃ መርምሮ እስኪመልስ ምን ያህል እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ የተሰበረ ወንበር እንዲቀየርልኝ ያቀረብኩት ማመልከቻ መልስ ያገኘው በአምስት ወሩ ነው። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን እንጨቶቹ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ ወስዳችሁ በጥንቃቄ እንድትመረምሩልኝ እለምናለሁ።

ከማይቸኩል ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ፒያኖ ቃኚዋ
የማኅበሩ አባል ቁጥር 61 (የታገደች)
የቀድሞ ክፍል ቁጥር 7 ነዋሪ