ገንዘቡን ሳይሆን ቲኬቱን ያዢ

ለልጅ ልጄ ለዳግማዊት፣ ጀበል አል-ሁሴን

እግዚአብሔር በሰው አገር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ከዚህ ወረርሽኝም ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ዘርፌ ማስክ አድርግ እያለች ትነዘንዘኛለች፤ እኔ ደግሞ ጢሜን ይሸፍንብኛል እላታለሁ።

በረራሽ መሰረዙን ነገረችኝ። አየር መንገዱ ወይ ገንዘብሽን ውሰጂ፣ ወይ ቲኬቱን ለአንድ ዓመት አቆዪው ብሎሻል አሉ። አንቺም በገንዘቡ የእኔን ጣሪያ ልታሠሪ አስበሻል። ከጣሪያው ጋር ሠላሳ ዓመት ኖረናል፤ ሲያፈስ ባልዲ አቀርብለታለሁ፣ ተጣልተንም አናውቅም። ገንዘቡን ከተቀበልሽ ግን ቤቷን የምታጸጂላት የአብዱን ሰፈሯ ማዳም "ትንሽ ቆዪ" ትልሻለች፤ አንቺም እሺ ትያለሽ። ባለፈውም እንዲሁ ብለሽ ሦስት ዓመት ቀረሽ።

ደግሞ ካሳ የሚገባው ለእኔ ነው። ለመምጫሽ የገዛሁት በግ ዕድሜ ተጨምሮለት የዘርፌን የጓሮ ጎመን ጨረሰ፤ ስድቡን የምሰማው ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ቅጹን ስትሞዪ ቲኬቱ ይቆይልኝ በይ። እኔም ሰማንያ ሦስት ሞልቶኛል፤ አንድ ዓመት እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን ቃል አልገባም።

መንገዱን ይክፈትልሽ።

አያትሽ ምትኩ