የልጄን አከርካሪ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለማቃናት ስለተደረገው ጥረት

ለተከበሩ አቶ ዋለልኝ
የመዘምራን ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቶሮንቶ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ አቶ ዋለልኝ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የኮሚቴዎ አባላትም በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በወገብና በጀርባ ጤንነት ውላችሁ እንድታድሩ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልልክ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ኮሚቴዎ ለአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ለኤፍራታ የጻፈው ማስጠንቀቂያ በመዘምራኑ ሁሉ ፊት ስለተነበበ፣ ምስጋናዬ ከዚያ ባነሰ ሕዝብ ፊት ቢቀርብ ነውር መስሎ ታየኝና በምእመናኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ ወገኖች ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ጥቅምት የኤፍራታ አከርካሪ ወደ ጎን በአሥራ ስምንት ዲግሪ መጣመሙ በራጅ ታወቀ፤ ስኮሊዮሲስ ይሉታል። ፊዚዮቴራፒስቷ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሠራ እንቅስቃሴ ሰጠቻት፦ ሁለት ረጃጅም ዘንጎችን ግራና ቀኝ ይዞ መሬቱን እየገፉ ቁመትን ወደ ላይ መሳብ፣ ዳሌን ትንሽ ወደ አንድ ጎን ማሸሽ፣ ከዚያም ወደ ጎደጎደው የጀርባ ጎን አየር ማስገባት። ቤት ውስጥ በሁለት የመጥረጊያ እንጨት ትሠራ ነበር። የመዝሙር ልምምድ ባለበት ቅዳሜና እሑድ ግን ከምንኖርበት ከክሬሰንት ታውን ሁለት የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ሰብዌይ መሳፈር ስላሳፈራት፣ መሪጌታ እዝራ ከዕቃ ቤት ሁለት መቋሚያ አውጥተው ሰጧት፤ በእረፍት ሰዓት ምድር ቤት ወርዳ ትሠራበት ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. «በንዋየ ቅድሳት ስፖርት ስለመሥራት» በሚል ርእስ ኅዳር ላይ ስለጻፋችሁት ማስጠንቀቂያ አመሰግናለሁ። መቋሚያ ለሰዓታት የሚቆም አገልጋይ ወገቡ ሲዝል የሚደገፍበት ነው ብዬ ሳምን ኖሬያለሁ። ለዛለ ወገብ የተፈቀደው ለታመመ ወገብ እንደሚከለከል ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። መሪጌታ እዝራ ዕድሜ ልካቸውን ተደግፈውት ስለኖሩ ይሆናል፣ ልዩነቱ አልታያቸውም።

2. ልጄን ከፊት ረድፍ አንስታችሁ ከትልቁ ስፒከር ኋላ ስላቆማችኋት አመሰግናለሁ። በቀጥታ ስርጭቱ ላይ ረድፉን ታበላሻለች ብላችኋል። እውነት ነው፣ ስትቆምም እንድታደርገው በታዘዘችው መሠረት ዳሌዋን ወደ ጎን ስታሸሽ ከሩቅ ለሚያያት የተጣመመች ትመስላለች፤ ነገር ግን የምትቃናው ያን ጊዜ ነበር። ዘና ብላ ስትቆም ደግሞ መጣመሙን ቀሚሱ ይሸፍነዋል፣ ማንም ልብ አይላትም። ኮሚቴው ከመቃናት ይልቅ የተቃኑ መምሰልን መምረጡ ለካሜራ ሥራ ያለውን ጥንቃቄ ያሳያል።

3. በየልምምዱ ስለተሰጣት ነጻ ሕክምና። ፊዚዮቴራፒስቷ ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ፣ ከዚያም ለዚሁ በሽታ ብቻ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዳ የደረሰችበትን ኮሚቴዎ «ቀጥ በይ!» በሚሉ ሁለት ቃላት ጨርሶታል። በአንድ ቅዳሜ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ እንደተባለች ልጄ ቆጥራ ነግራኛለች።

4. የኮሚቴዎ ጸሐፊ ዌስተን ሰፈር ወዳሉ ወጌሻ እንድወስዳት ስለመከሩኝ፣ በቅቤ ታሽታ በሁለት ቅዳሜ እንደምትድንም ስላረጋገጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ወጌሻው የወለቀ ትከሻ እንደሚመልሱ አልጠራጠርም፤ የልጄ አከርካሪ ግን አልወለቀም፣ እያደገ ነው የተጣመመው።

5. አምስተኛው ምስጋና ለራሴ ነው። ማስጠንቀቂያው በተነበበ ማግስት ሁለቱን መቋሚያዎች በነጠላ ጠቅልዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ትልልቅ ሰዎችን ላለማስቀየም፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ ልጄን «ለጊዜው ተይው» አልኳት። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማለቴ ነበር፤ እርሷ ግን ቤትም ተወችው። «ማሚ፣ ሁሉም ዊርድ ነው ካሉ፣ አይም ዳን፣ በቃኝ» አለችኝ። አራት ወር ሙሉ አልሠራችም። እኔም ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የመጥረጊያ እንጨቶቹን በር ኋላ ቆመው እያየሁ አልፌ እተኛ ነበር። በዚህ አፍራለሁ፣ በእናንተ ከማዝነውም በላይ በራሴ አዝናለሁ።

በመጋቢት በተነሳችው ራጅ መጣመሙ ሃያ ስድስት ዲግሪ ሆኗል። ሐኪሟ በዚህ የእድገት ዕድሜ በራሱም ሊጨምር እንደሚችል ስለነገረችን፣ ሙሉ ምስጋናውን ለኮሚቴው መስጠት ሳይንሳዊ አይሆንም፤ ስምንቱን ዲግሪ ለእናንተ፣ ለእኔና ለተፈጥሮ በጋራ ሰጥቼዋለሁ። ኤፍራታ አሁን መጣመሙ እንዳይብስ በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ከብብቷ እስከ ዳሌዋ በደረቅ ፕላስቲክ ታስራ ትውላለች፣ ታድራለችም። ቀጣዩ ራጅ ነሐሴ ላይ ነው። ሃምሳ ዲግሪ ገደማ ከደረሰ ጀርባዋ ተከፍቶ በብረት ዘንግ ይያዛል፤ ያ ዘንግ ንዋየ ቅድሳት ስላልሆነ ኮሚቴው የሚከፋበት ምክንያት አይኖርም።

ልመናዬ አንድ ነው። ኤፍራታ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እንቅስቃሴዋን እንደገና ይዛለች፤ ነገር ግን ከጓደኞቿ ጋር ስትቆም እንደ ጥፋተኛ ትሸማቀቃለች፣ ስትሸማቀቅ ደግሞ በደንብ አትተነፍስም፣ መተንፈሱ ደግሞ ግማሹ ሕክምናዋ ነው። ማስጠንቀቂያው በተነበበበት አዳራሽ፣ ባነበበው ሰው አፍ፣ መሻሩ ይነበብላት። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታ ስብሰባ እንደሚፈልግ፣ ስብሰባውም ምልዓተ ጉባኤ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። አጥንቷ ግን ምልዓተ ጉባኤ አይጠብቅም።

ለማይተኛው ቁጥጥራችሁ፣ ለማይዝለው ብዕራችሁና ለሰፊው ትዕግሥታችሁ ያላትን አክብሮት እጅ ነስታ የምትገልጽላችሁ፣

ፅጌረዳ ተክለ ማርያም
የኤፍራታ እናት

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ እዝራ፣ ከምስጋና ጋር። ይኸኛው ምስጋና የእውነት ነው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ በሽታ ልጅን ወገቡን አጥፎ ጎንበስ እንዲል አድርጎ ከኋላ በማየት ይጠረጠራል፤ አንዱ የጀርባ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን የነገርኳቸው አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት የገዛ ልጃቸውን አይተው ደነገጡና፣ ባለቤታቸው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደውለው የፊዚዮቴራፒስቷን ስልክ ቁጥር ወሰዱ። ባለቤታቸው ማስጠንቀቂያው ላይ ከፈረማችሁት ሰባት ሰዎች አንዱ ነው። ልጅቷ ስሟ እንዲነሳ ስላልፈቀደች የማን ቤት እንደሆነ አልናገርም። ስለዚህ ሰባታችሁም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የልጆቻችሁን ጀርባ እዩ።