ያጠበቅኋት ቡሎን

ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ሙዐዊያ፣
ጅቡቲ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? የወገብህ ነገርስ እንዴት ነው፣ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከከባድ መኪና ሥር ስትወጣ ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምትነሣው? እትዬ ዙልፋ ደኅና ናት? ያሕያ ቁርአን ቤት ገባ ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ፤ አላህ ያሳድግላችሁ። የወደቡ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኛ ከእማዬ ጀምሮ ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ጤና ነን። የእማዬ ጉልበት ዘንድሮ ቀለል ብሎላታል፤ ለሶላት ታጥባ ውዱ ለማድረግ ሰው አትጠራም። ማሾው ተለቅሞ ገብቷል፣ ማሽላው ግን ገና እንደቆመ ነው፤ ወፍ እየጠበቅን ነው።

ጤና ነን ያልኩህ ስለ ሰውነታችን ነው። የእኔን ልብ ከጠየቅኸኝ ደኅና አይደለም። ይህን ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሽንኩርት ገበያ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ወደ አንተ የሚመላለሰውን የተሳቢ ሹፌር ፀጋዬን ደብዳቤ ይዘህልኝ ሂድ አልኩት። «በዚህ ዘመን ደብዳቤ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የቆቅ ጉዳይ ነው። ቆቅ ብለህ የሰየምካትን ያቺን ትንሽ መኪናህን በገዛ እጅህ ብረት በይደህላት፣ ወንበሯን ነቅለህ ለውድድር አዘጋጅተህ ለእኔ አደራ ሰጥተህ ስትሄድ በጓደኛህ በተመስገን ፊት «እሱ ይንዳት፣ አንተ ጠግናት» ነበር ያልከው። በዚያ ክፉ ጊዜ ከተማው ከጦርነት ሲሸሽ እንኳ እንዳትዘረፍ በአገዳ ክምር ሸፍነናት ነው የሄድነው። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለው ሜዳ የአማተሮች ውድድር እንዳለ ስነግርህ ምን ያህል እንደተደሰትክ አስታውሳለሁ። አንተ ያስተማርከኝን ሙያ ለሰው የማሳይበት ቀን መጣ ብዬ እኔም ፎክሬ ነበር።

ዝግጅቱ ግን አንድ ወር ተኩል ሙሉ አንጀቴን አሳረረው። መጀመሪያ ሞተሩ ሙቀት አልችልም አለ። ገና ቆማ ስትሠራ ሙቀት መለኪያው ቀዩ ጋ ይደርሳል፣ ሮቢት ደግሞ መቼም ታውቀዋለህ፣ አየሩ ራሱ የፈላ ውኃ ነው። የሞተሩ ራስ፣ የቴስታታው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፤ ቀየርኩት፣ በሳምንቱ ደግሞ ተቃጠለ። ራዲያተሩን አውርጄ ባጥበው ከውስጡ የወጣው ዝቃጭ የሸክላ ጭቃ ይመስል ነበር። እሱ ሲስተካከል የፍሬኑ ዘይት ማገጃ ላስቲክ ተበላሽቶ ተገኘ። ከአዲስ አበባ አስልኬ የመጣው በመጠን አልገጠመም። ሁለተኛውን የጫነው አውቶቡስ ረስቶ አጣዬ ድረስ ይዞት ሄደ፤ በማግስቱ ሄጄ አመጣሁት። አንዱን ስደፍን ሌላው ይቀደዳል። እቤት ስገባ ባለቤቴን ሒክማን ያለ ጥፋቷ እቆጣት ነበር። ተመስገን ከሥራው ሲመለስ እየመጣ ጎማ ያነሣልኝ ነበር፤ «አይዞህ» ሲለኝ እሱንም አመናጭቄዋለሁ። እሱ ግን የአንተ ወንድም ስለሆንኩ ይችለኝ ነበር።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን ማለዳ በአይሱዙ ጭነን ወጣን። ጣርማ በርን አልፈን ደጋው አየር ውስጥ ስንገባ አዲስ ጣጣ መጣ። እታች በቆላው የተስተካከለው ነዳጅና አየር ማደባለቂያ፣ ካርቡራተሩ፣ እላይ አልሠራ አለ። ስናስነሣት ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ቤንዚን ትረጫለች፣ ነዳጅ ሲረገጥ ታንቃ ትጠፋለች። የሌሎቹ ልጆች መኪኖች እያገሡ ሜዳውን ሲዞሩ የእኛ ስታስል ሰው ይስቅ ጀመር። በብርዱ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል። እንደዚያም ሆኜ ከግራው የፊት ጎማ ሥር ገብቼ ከፍሬኑ ውስጥ አየር እያስወጣሁ ነበር። አየር የምናስወጣባትን ትንሿን ቡሎን ፈትቻት ሳለ ተመስገን ከወንበሩ ላይ ሆኖ «ሱፍዋን፣ ደግሞ ጠፋች!» ብሎ ጮኸ። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ ካርቡራተሩ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ቡሎኗ አልተመለስኩም። ጎማውንም ውስጡን ሳላይ ነው የገጠምኩት።

ልትነሣ ስትል ተመስገን ጠራኝና «የፍሬኗ መርገጫ ይሰምጣል፣ እስቲ እየው» አለኝ። ሰው ሁሉ እያየን ነበር፤ ተራችን ተጠርቷል። «ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተ እግርህን ብቻ አስተካክል» አልኩት። የራስ ቁሩን አጥልቆ ሄደ።

የመጀመሪያውን መታጠፊያ አላለፈም። በቀጥታ ሄዶ መታጠፊያው ዳር ከተደረደረው የጭድ እስር ጋር ተላተመና መኪናዋ በጎኗ ወደቀች። ስደርስ ተመስገንን አውጥተውታል፤ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን ሕይወቱ አለ። ሰው ሁሉ እሱን ከቦ ሳለ እኔ ወደ ቆቅ ሄድኩ። ግራው ጎማ ወደ ሰማይ ተንጠልጥሏል፤ ከውስጡ የፍሬን ዘይት ይንጠባጠባል። እጄን ሰድጄ ቡሎኗን ነካኋት። እንደተፈታች ነበረች። ያን ጊዜ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁና አጠበቅኋት።

ከውድድሩ ዳኞች አንዱ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ መጥተው የፈሰሰውን ዘይት ሲያዩ «ይህ ከምን መጣ?» ብለው ጠየቁኝ። «በግጭቱ ቱቦው ተጎድቶ ነው» አልኩ። ጎንበስ ብለው ቡሎኗን በጣታቸው ሞከሯት፤ ጠብቃለች። ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያው ልጁ ፍጥነት አበዛ» አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ማታ አንተ ስትደውል ዝም ማለቱም አልበቃኝም፤ «ፍጥነት ቀንስ ብዬ ነገርኩት፣ አልሰማ አለኝ» አልኩህ። አንተም ተናድደህ ሁለተኛ ድምፁን አልሰማም አልክ።

ወሬው እኛ ሳንደርስ ሮቢት ደርሶ ነበር። ተመስገን የሚነዳው ሚኒባስ የሐጂ አብዱልወሃብ እንደሆነ ታውቃለህ። ሐጂ «ለጨዋታ ብሎ ነፍሱን የሚጥል ሰው የመንገደኛ ነፍስ አላስረክበውም» ብለው ሥራውን ለሌላ ሰጡበት። እሱም ሰው እንዳያየው በጓሮ በር እየወጣ እየገባ ቤቱ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ሳምንት ክንዱን በሻሽ አስሮ ጋራዡ መጣ። ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ «ሙዐዊያ ስልኬን አያነሣም። መኪናውን አበላሸሁበት። እግሬ ዘገየ መሰለኝ፣ እኔ እንጃ። አውፍ በለው፣ ይቅር በለው ብለህ ለምንልኝ» አለኝ። ጋሼ፣ እውነቱን በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «እሺ፣ እለምንልሃለሁ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ያ ምስጋና እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሶላት ላይ ቆሜ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ይጠፋኛል። ሒክማ ስትወተውተኝ ነገርኳት። ከእሷ የፈራሁት ስድብ ነበር። እሷ ግን «ቡሎኗን ፈትተህ መርሳትህ የሰው ነገር ነው፤ አላህም ይምራል። አንተን የሚያሳፍርህ ያጠበቅክበት እጅህ ነው» አለችኝ። ነጠላዋን አንሥታ «ተነሥ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

ተመስገን ከእናቱ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቱ እኛን ሲያዩ ወንበር ሊያመጡ ተነሡ፤ «አይ እማማ፣ ቆሜ ልናገር» አልኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሳልደብቅ ነገርኩት። ስጨርስ «ይሰምጣል ብዬህ ነበር፣ አይደል?» አለኝ። «ብለኸኛል» አልኩ። «እኔ እኮ ራሴን ማመን ትቼ ነበር። ባዶ መሬት እየረገጥኩ እግሬን ስሞክር ነበር የምውለው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «አሁን ሂድ። እናቴ ፊት ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ነው፣ ሂድልኝ» አለኝ። እናቱ ያመጡት ወንበር ባዶውን ቀረ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄድኩ። ሐጂ ከሹፌሮቹ ጋር ነበሩ። ወደ ጎን ልጥራቸው አሰብኩና አፍሬ ተውኩት፤ ስሙ የጠፋው ሰው ፊት ነውና ሰው ፊት ተናገርኩ። አንዱ ሹፌር ምራቁን መሬት ላይ እንትፍ አለ። ሐጂ እስክጨርስ ሰምተውኝ ወዲያው ተመስገን ዘንድ ሰው ላኩ፤ ትከሻው ሲድን ሚኒባሱን ይረከባል። ለእኔ ደግሞ «ስለተናገርክ ጀዛከላህ፣ አላህ ይክፈልህ። መኪናዬን ግን ከእንግዲህ አንተ ጋ አላመጣም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሌሎችም እሳቸውን ተከትለው ቀርተዋል፤ ጋራዡ ጭር ብሏል። ለሽማግሌው የውድድር ዳኛም ደብረ ብርሃን ድረስ ወጥቼ ነግሬያቸዋለሁ። «ልጄ፣ እኔም ባንተ አፍ ሰው በደልኩ» ብለው አዘኑ።

ተመስገን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። ጋራዡ ግን አይገባም፤ እኔም ግባ ለማለት ዓይን የለኝም። ጋሼ፣ አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህን እንዳነበብክ መጀመሪያ ለእሱ ደውልለት። እኔን ለመቆጣት ጊዜ አለህ። ቆቅን ጓሮ አቁሜያታለሁ፤ እሸጣታለሁ ብትል ወይም ለሌላ ሰው ስጣት ብትል ትእዛዝህን እፈጽማለሁ። ሳታዘኝ ግን ቁልፍ አላነሣባትም።

እማዬ ዱዓዋን ትልክልሃለች፤ ጉዳዩን ታውቃለች፣ ሁለት ቀን አላናገረችኝም ነበር። እኅታችን ሳሊሃ ለእትዬ ዙልፋ ሰላም በልልኝ፣ የላከችልኝ ሽቶ ደርሶኛል ብላለች። ሒክማ ለሁላችሁም ሰላምታ ታቀርባለች። ያሕያን ጉንጩን ሳምልኝ። ተመስገን ሰላም በልልኝ አላለኝም። አንድ ጊዜ በስሙ ዋሽቼብሃለሁና ያላለውን ብሏል ብዬ አልጽፍልህም።

አጥፊው ወንድምህ
ሱፍዋን

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.