በጣሊያኗ መኪና የተወለደው

ነመራ ወንድሜ፣

አንተ በአውቶቡስ ሲሬ እንደሄድክ እህትህን ደራርቱን ምጥ ያዛት። ከእኔዋ ትሻላለች ብዬ የጀርመኗን መኪናህን አስነሳሁ። ከሰፈራችን ከባኬ ጃማ ሳንወጣ ሞተሯ ግሎ ቆመች። ራዲያተሯን ብከፍተው ጠብታ ውሃ የለበትም!
ጀርመን የሠራው ውሃ አይጠማውም ያለህ ማነው?

«ቆርቆሮ» ያልካት የጣሊያን መኪናዬ ግን ወሰደችን። ሐኪም ቤቱ በር ላይ፣ ኋላ ወንበር ላይ ወለደች። ወንድ ነው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። አጎት ሆነሃል፣ ኤሱማ!

ትናንት ስለ መኪኖቻችን ስንከራከር በሰው ፊት የተናገርኩህን...
እሱን ስንገናኝ።

ልብሷን ይዤላት ወደ ሐኪም ቤቱ እየተመለስኩ ነው። መኪናህን ውሃ ሙላባትና ቶሎ ና። ደራርቱ «ኤሱማው ሳይመጣ ማንም አያቅፈውም» ብላ እኔን አባቱን እንኳ ከልክላኛለች።

ሽብሩ