ለአዲ አርቃዩ ሰው የሰጠኸው መልስ

ለውድ ወንድሜ ሷሊሕ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ይዞሃል? ያ የጀርባ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ ፋብሪካ ቆመህ እየዋልህ፣ ማታ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ መቀመጡ አባሰብህ? የኢስታንቡል ብርድስ ጀመረ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሁሉ ሸጋ ነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። ልጄን ሰው ሰደበብኝ ብላ እንዳትጨነቅ ብዬ ጻፍኩልህ።

በነፃ ሠርተህ፣ ኮዱንም ለማንም ክፍት ያደረግኸውን የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም እኔ የምሠራበት የመድኃኒት ማከፋፈያም ይጠቀምበታል። ስለዚህ የተጠቃሚዎቹን ገጽ አልፎ አልፎ አያለሁ። ባለፈው ወር ይበልጣል የሚባሉ የአዲ አርቃይ መድኃኒት ቤት ባለቤት «ካልቻላችሁ ተዉት፤ ሰው ልታስጨርሱ ነው» ብለው ጻፉ። አንተም «እኔ የአንተ ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ካልጣመህ አትጠቀምበት» ብለህ ቅሬታውን ዘጋኸው። ከዚያ ሌሎቹ ገቡና ግማሹ አንተን፣ ግማሹ እሳቸውን ሰደበ። ምን ተበላሸ ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም።

ባለፈው ሐሙስ ሰውየው ራሳቸው መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። ስማቸውን ስሰማ ደነገጥሁ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ስለ ጻፉት ነገር ጠየቅኋቸው። አንዲት እናት ከቆላ ልጇን አዝላ መጥታ የልጆች አንቲባዮቲክ ልትወስድ ነበር። ፕሮግራሙ ገና አንድ ዓመት ገደማ ይቀረዋል ይላል። ጠርሙሱን አገላብጠው ሲያዩት ግን ባለፈው ጳጉሜን ጊዜው አልፎበታል። ሌላ ስላልነበራቸው ሴትዮዋን ሊማሊሞን ወጥታ ደባርቅ እንድትሄድ ላኳት። «በንዴት ጻፍሁ፤ ያቺ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች» አሉኝ።

ሠሪው ወንድሜ ነው አልኳቸው። እሳቸውም «እኔ እኮ ትልቅ ድርጅት መስሎኝ ነው። አንድ ሰው ነው እንዴ?» አሉ። ከእንጀራህ ሥራ በኋላ ብቻህን እንደምትሠራው ነገርኳቸው። «ምነው ቀድሜ ባወቅሁ» አሉ።

ከዚያ በእኛ ኮምፒውተር ሞከርነው። ጊዜው ጳጉሜን ላይ የሚያልፈውን መድኃኒት ስንመዘግብ ፕሮግራሙ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ሲመልስ አንድ ዓመት ይጨምርለታል። ወደ መካነ ብርሃን ከተማ ልንልከው ካዘጋጀነው ውስጥም እንዲህ ያለ ካርቶን አገኘን፤ አስቀረነው። የመዘገብነውንና ያሳየንን ከፎቶ ጋር አድርገን እንደ አዲስ ጻፍንልህ። በመጀመሪያው መስመር ይቅርታ የጠየቁህ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አላዘዝኋቸውም። ወዳገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ደግሞ ሌሎች በአማርኛ የሚጠይቁትን እሳቸው እየመለሱልህ ነው፤ ሥራ እንዲቀልልህ ብለው።

ወንድሜ፣ ሲሰድቡህ መናደድህን አልነቅፍም። አንተም ሰው ነህ፣ ደክሞህ ነው የምትገባው። ግን በሩን ስትዘጋ የሰውየው ስድብ ብቻ አይደለም ውጭ የቀረው። ጊዜ ካጣህ «አይቼዋለሁ፣ እስከዚያው ጠርሙሱን እያያችሁ ስጡ» ብትል እንኳ ይበቃቸዋል።

አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ሱቁ ደኅና ነው። እማዬ ወፍራም ሹራብ እያሠራችልህ ነው። አጎታችን ዐብዱልከሪም ከነልጆቹ ሰላም ይልሃል። አብሮህ ለሚኖረው ጓደኛህም ሰላምታችንን አድርስልን።

ለሰውየው ስትጽፍ ደግሞ «አያ ይበልጣል» ብለህ ጀምር። አገሩ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው፤ የአባባ እኩያ ናቸው።

እህትህ ሒክማ
ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.