የተዳፈነው ክምር እንዳይከፈት

ሙንጋ፣

ቾማ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ። የበቆሎ ገንፎህ፣ ንሺማህ፣ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ክዳኑን ክፈት። ዛሬ እንድትከፍት የተፈቀደልህ እሱን ብቻ ነው።

የከሰሉን ክምር አትንካ! ጭሱ ቆሟል፣ ድምፁም ጠፍቷል፤ ግን አልሞተም። አፈር የለበሰ እሳት አየር ሲያጣ አድፍጦ ይጠብቃል እንጂ አይጠፋም። ቀዳዳ ከከፈትክለት ትንፋሽ ያገኝና ፊትህ ላይ ይወጣል። የቀረህ ቅንድብ ደግሞ አንድ ነው።

አፈሩ ከተሰነጠቀ ጭቃ ለጥፍበት። እስከ ረቡዕ ይቀዘቅዛል። እስከዚያ ብትጸልይም ከሩቅ ጸልይ።

ለግንባርህ ቫዝሊኑ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጀርባ አለ። ሳትጠይቅ እንደምትወስደው ስለማውቅ ነው የምነግርህ።

ሌላም ነገር አለ።

በሁለቱ ጎሳዎቻችን የቀልድ ወግ እኔ ስሰድብህ አንተ ትስቃለህ እንጂ አትቆጣም። ያለፈው ክምር አመድ ሆኖ ሰው ሲሰበሰብ፣ «ይሄ ዝንጀሮ መታገስ አቅቶት ከፈተው!» አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንተም በተቃጠለ ፊትህ ሳቅህ።

ጆሮዬን አፈሩ ላይ ለጥፌ፣ «ሞቷል፣ ክፈተው» ያልኩህ ግን እኔ ነበርኩ። አንተ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርክም። እነሱም ይኸው ችኩሉ ሙንጋ ይሉሃል፤ ከእኔ በቀር ክምር የሚያስጠብቅህም ጠፋ።

ዛሬ ምስክርነት ያለው ይነሳ ሲባል እነሳለሁ። የጎሳ ቀልድ እንዳይመስላቸው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ስምህን ያለ ስድብ እጠራለሁ።

ሃቺሌካ