ከመስኮቴ ሥር የተነሣው የዶሮ ቤት

ውድ እትዬ፣

ዓይንዎ ገና በፋሻ ስለታሰረ ይህን የምታነብልዎ ልጅዎ እንደሆነች አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ እሷን ልለምን፦ እህቴ፣ ምንም ሳትዘዪ አንብቢላት። «ይቺን እንኳ ልዝለላት» የምትዪው ቦታ ላይ ስትደርሺ፣ ደብዳቤው የተጻፈው ለዚያች ቦታ ሲባል መሆኑን እወቂልኝ።

እትዬ፣ ወይዘሮ ሞታለች።

ልጅዎ «የትኛዋ ወይዘሮ?» ብላ ሳትደነግጥ፣ ዶሮዋን ነው የምለው። ነጯ፣ ጣቷ የተጣመመው፣ ስትራመድ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጭቃ የምትሻገር የምትመስለው። በስልክ «ወይዘሮ ትበላለች?» ሲሉኝ «እንደ ጉድ!» ያልኩዎት ከሞተች ሰንብታ ነበር።

የገደላት ውሻ ነው። ለውሻው ያቀረብኳት ግን እኔ ነኝ።

የዶሮዎቹን ቤት ስንሠራ ያስታውሳሉ? የተጣለ የቁም ሣጥን በር፣ የአሮጌ አልጋ እግር፣ ከጣሪያ የተረፈ ቆርቆሮ። እርስዎ ምስማሩን ይዘው እኔ ስመታ፣ ምስማሩን ስቼ አውራ ጣትዎን አገኘሁት። ጣትዎን እየመጠጡ «አይዞህ፣ ምስማሩ ደህና ነው» አሉኝ። ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ በእጄ ሠርቼ የቆመልኝ ነገር እሱ ብቻ ነው። ነፋስ አያገኘውም ብለው ከእኔ መስኮት ሥር እንዲሆን ሲጠይቁኝ «ምን ገዶኝ!» አልኩ።

ገዶኝ ነበር። አውራው ጎህ ሳይቀድ ጆሮዬ ሥር ይጮኻል፤ ሽታው ደግሞ ፀሐይ ሲወጣ አብሮ ይነሣል። ልነግርዎ አፈርኩ። ለሕክምናው ልጅዎ ዘንድ ሲሄዱ «ዶሮዎቼን አደራ» አሉኝ። ታክሲው ገና ከጥጉ ሳይታጠፍ፣ በያጁን ጎረቤታችንን ጠራሁት።

«ቤቱን የት ልንወስደው ነው?» አለኝ።

«አጥሩ ጥግ። ፀሐይ ያገኛሉ።»

«ለእነሱ ፀሐይ ነው ወይስ ለአንተ እንቅልፍ?»

«ለሁለቱም።»

«እንግዲያው ያዝ። በወገብህ አይደለም ጋሼ፣ በጉልበትህ! ጋዜጣ የምታነሣ መሰለህ እንዴ?»

ወገቤ ተቀጨ፤ ቤቱ ግን አጥሩ ጥግ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮራሁ።

ሲመሽ ዶሮዎቹ በቤታቸው ደጃፍ አልፈው፣ እንደ ለቀስተኛ ተከታትለው መስኮቴ ሥር መጡ። ቤቱ የነበረበት ባዶ መሬት ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ለካ ዶሮ የምታውቀው ቦታዋን እንጂ ቤቷን አይደለም። ሲያዛውሯት ጥቂት ቀን ዘግተውባት ማስለመድ እንደሚገባ እኔም በያጁም አላወቅንም። በየምሽቱ አንድ በአንድ ታቅፌ እመልሳቸው ጀመር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ እኔ እንቅልፍ ፍለጋ ወጥቼ የዶሮ ሞግዚት ሆንኩ።

አንድ ምሽት ዘነበ። በመስኮቱ መስተዋት አየኋቸው። ወይዘሮ ዳር ላይ ነበረች፣ የጣሪያው ውኃ በሚወርድበት በኩል። እኔ ብርድ ልብስ ደርቤ፣ መጽሐፌን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነበር፤ ታሪኩም ደህና ቦታ ደርሷል። «ዛሬ እንኳ ራሳቸው ይልመዱ» አልኩና መጋረጃውን ዘጋሁ። እትዬ፣ ውሻው በአጥሩ ቀዳዳ ገባ፤ እሱ ውሻ ነው፣ ምን ይባላል? እኔን የማይለቀኝ መጋረጃው ነው።

ጠዋት ላባዋን ለቀምኩ።

በያጁ ከገበያ ሌላ ነጭ ዶሮ ይዞልኝ መጣ። «ነጭ ዶሮ ነጭ ዶሮ ናት። ደግሞስ በዚያ ዓይናቸው ማን ሊያያት ነው?» አለኝ። እርስዎ በእጅዎ እንደሚያዩ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ሆኖም ዶሮዋን ተቀበልኩ። ይባስ ብሎ ቀጥ ያለ ጣቷን አየሁና «ብናጣምመውስ?» ብዬ አሰብኩ። አላደረግሁትም። ማሰቤን ግን ይወቁልኝ።

ትናንት ልጅዎ ደወለች። «እማዬ ሻንጣዋን ሸክፋ ተቀምጣለች። ‹ጎረቤት አለኝ፣ ዶሮዎቼን እንኳ እንዴት አድርጎ እንደያዘልኝ› እያለች መቀመጫ አሳጣችኝ። እኔ እዚሁ ትቅር ባይ ነበርኩ። አንተ ካለህ ግን ልልቀቃት። አደራ ልስጥህ?»

«ምን ጥያቄ አለው!» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ እዚያው ተቀመጥኩ። የዶሮ አደራ የበላ ሰው የእናት አደራ ሲሰጡት «ምን ጥያቄ አለው» ይላል።

ያለ እርስዎ ግቢው ምን እንደሚመስል አልጽፍም፤ ማባበል ይሆንብኛል። እንዲመጡ እፈልጋለሁ። ይህ ሲነበብ ልጅዎ «አላልኩሽም?» ብላ ሻንጣውን ልትፈታው እንደምትችል አውቃለሁ፤ ብትፈታውም እውነት አላት። ግን ዓይንዎ በማያይበት ወቅት በእኔ ውሸት ተመርተው በግቢያችን በር እንዲገቡ አልፈልግም። ቤቱን ትናንትናውኑ ወደ ቦታው መልሰነዋል፤ የአጥሩንም ቀዳዳ ደፍነናል። ይህ ይቅርታ አይገዛም፣ ይወቁት ብዬ ነው።

ለመልሱ ልጅዎን አያድክሙ። ይደውሉና በራስዎ አንደበት ይስደቡኝ፤ ዝም ብለው ብቻ አይተዉኝ። ስለ ዶሮዎቹ ከጠየቁኝም ያለውን ነው የምነግርዎ፦ አውራው ሳል ይዞታል፣ አዲሷ እስካሁን አንድ እንቁላል አልጣለችም፣ ሌሎቹም አልወደዷትም።

ግድግዳ የሚጋራዎ፣
በዳዩ ጎረቤትዎ